ከነጫማዬ

መርሳ፣ ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2013 ዓ.ም.

ጅምናስቲክ ከጀመርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። እስከ ዛሬ የምፈራው ወደ ኋላ መገልበጥን ነበር፤ አንገቴ የሚሰበር ይመስለኛል።

ዛሬ ለልምምድ ስንሄድ አዳራሹ ከቆቦ በሸሹ ሰዎች ተሞልቷል። እኛ የምንገለባበጥበት ፍራሽ ላይ አንዲት አሮጊት ከነጫማቸው ተኝተዋል። አሰልጣኛችን ፍራሹን በጫማ የረገጠን ሰው ግቢውን በሩጫ ነው የሚያስዞረው። ልማድ ሆኖብኝ፣

«እማማ፣ እዚህ ላይ በጫማ አይወጣም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ተኩሱ የመጣብን ጫማዬን አውልቄ በተኛሁበት ነው። በባዶ እግሬ ወጣሁ። ይሄን ወልድያ ላይ አንዲት ሴት ናት ከእግሯ አውልቃ የሰጠችኝ፣ አላህ ኸይር ጀዛዋን ይክፈላት።»

የምገባበት ጠፋኝ። አሰልጣኛችንም ሰምቷቸው ነበር፤ አቀርቅሮ «በሉ ወደየቤታችሁ» አለን።

አሁን አንገቴን ረስቼዋለሁ። መተኛት ነው የፈራሁት። ሸራ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ውስጥ ገባሁ። እማዬ ብርድ ልብስ ልትደርብልኝ መጥታ እግሬን አየችው። በታጠበ አንሶላ ላይ! ትጮህብኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን አጠበቀችልኝ።