ከሰው አፍ ሳትሰሚው፣ ስለ ሳንባዬ

ለልጄ ለሎቪና፣ ሞንታና።

እንደምን ከርመሻል ልጄ? ባልሽ ኢራ እንዴት ነው? ልጆቹስ በረቱ? ብርዱ እናንተ ዘንድ ቀድሞ ይገባልና እንዴት ይዟችኋል? ላሞቹስ ወለዱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልዘጋው ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤታችን ሱዚ እንደምትጽፍልሽ አውቃለሁ። እሷ አጋንና ከምትነግርሽ እኔው የዶሮ ጭረት በመሰለው ጽሕፈቴ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ባለፈው ወር የእሁዱን ጸሎት በቤት የማስተናገዱ ተራ የእኔ ነበር። ሕዝቡ የሚቀመጠው ትልቁ ጋጣ ውስጥ ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ የእኔ የሜኖ ቤት አዛባ ሆነ እንዲባል አልፈልግም። ስለዚህ ቆጡ ላይ ወጥቼ የስንት ዘመን የእርግብ ኩስ በአካፋና በመጥረጊያ አወረድኩት። አቧራው እጄን አላሳይ አለኝ። ለቁርጥማቴ መርፌ የምትወጋኝ ነርስ፣ የወፍ ኩስ እንዳትነካ ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስውጠው የኖርኩት ነገር ዛሬ ምን ያደርገኛል አልኩ። ከዚያ ሳል ጀመረኝ። አቧራ ነው ብዬ፣ ጣቶቼ እንዳይኮራመቱብኝ መርፌዬን ደግሜ ተወጋሁ።

መዝሙር የምመራው እኔ ነኝ፤ ታውቂያለሽ። የእኛ መዝሙር ደግሞ አንዱን ቃል ይዞ ይጎተታል። የዚያን እሁድ መሃሉ ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ። የሱዚ ባል ኤኖስ ተቀብሎ ጨረሰው። ኋላ ምሳ ላይ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ድምፅህንም ከኩሱ ጋር ጠርገህ ጣልከው እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ሳቁን ዋጠው፤ ከመክሳቴ የተነሳ የሱሪዬ ማንገቻ ትከሻዬ ላይ አልቆም ብሎ ነበር። በማግስቱ ሱዚ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይታ መጣች። እምቢ ብትል እንደ ጥጃ አስሬ ነው ሐኪም ቤት የምወስድህ አለችኝ።

ሐኪሟ እንዲህ አስረዳችኝ። በገላችን ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እየሮጡ፣ እሳት ተነሳ ብለው የሚጮኹ መልእክተኞች አሉ አለች። ጩኸቱን የሰማው የገላ ጦር ግር ብሎ ሲደርስ ቦታው ይግላል፣ ያብጣል። በእኔ መገጣጠሚያ እሳት ሳይኖር በከንቱ ይጮኹ ነበር፤ ቁርጥማቱ እሱ ነው። መርፌው አፋቸውን ለጎመልኝ። ታዲያ የኩሱ ሻጋታ ሳንባዬ ገብቶ እውነተኛው እሳት ሲነሳ የሚጮህ ጠፋ። የሌላው ሰው ገላ ዙሪያውን አጥሮ የሚያስቀምጠው ሻጋታ፣ በእኔ ላይ አጥር አጥቶ ተዛመተ።

አሁን መርፌው ቀረ፤ ለወራት የምውጠው ክኒን ሰጡኝ። ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። የመልእክተኞቹ አፍ ሲፈታ አንዳንዴ ሁሉም ባንዴ ይጮኻሉ፣ ሳንባውም ከመሻሉ በፊት ይብስበታል አለችኝ። እነዚህን ሳምንታት ብቻህን እንዳትሆን አለች። ብቻዬን አይደለሁም፣ ላሞች አሉኝ አልኳት። አልሳቀችም። ትንፋሽ ሲያጥረኝ፣ ጩኸቱ ጀመረ ይሆን እላለሁ፤ ሲሻለኝ ደግሞ፣ ዝም ያለው ለምን ይሆን እላለሁ። ጣቶቼም መኮራመት ይዘዋል፤ ይህን የምጽፈው እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው።

ሱዚ እኛ ቤት ግባ ብላኝ ነበር፤ ከቤቴ አልወጣም ብያታለሁ። አንቺንም ነይ አልልሽም፤ የራስሽ ቤት አለሽ። ብቻ ከሚመጣው ሐሙስ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ኤኖስ ጋሪውን ይዞ አውቶቡስ ጣቢያ ይቆማል። ባዶውን ቢመለስ አይቀየምም።

ባልሽን ኢራን በርታ በዪልኝ፤ ከብቶቹን ለብቻው ይችላቸዋል። ልጅሽን ክላራን ጉንጯን ሳሚልኝ። ትንሹን ሌስተርን ወፍራም ካፖርት አልብሺው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ይበርዳል።

አባትሽ ሜኖ ትሮየር
ሆልምስ አውራጃ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 9 ቀን 2017