ያኛውን ጫፍ ማን ይይዛል?

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። "ደህና ነኝ" ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ ቆም አለብኝና "አለሁ" አልኩ። እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው።

ያልደወልኩት ስልክ ጠፍቶ አይደለም። እኔና አንቺ በስልክ ምን እንደምንሆን ታውቂዋለሽ። "በላህ?" "በላሁ።" "ሳሉ ተወህ?" "ተወኝ።" ከዚያ "በል ቻው አባዬ።" ደብዳቤን ግን ሰው መሃል ላይ ቻው ሊለው አይችልም። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረሽ ታገሺኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ደጋግሜ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በጣውላ ጀርባ ላይ "ይህ ወደ ላይ" የሚል ብቻ ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ሥዕሉ ነው። እናትሽን የሣልሽበት፣ በአደራ የላክሽልኝ ወረቀት አንድ ነገር ደርሶበታል፤ በዓይንሽ ከማየትሽ በፊት ከእኔ ከራሴ እንድትሰሚው ፈለግሁ። አትደንግጪ፤ ፊቷ ምንም አልሆነም። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኩሽ ሌላውን እንደማታነቢው አውቃለሁ።

ስትደውዪልኝ "ጠርዙ መቀደድ ጀምሯል፤ ጣውላ ላይ ለጥፍልኝ፤ ከአንተ ሌላ ለማንም አልሰጠውም" አልሽኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ "ግን ማን ይይዝልሃል?" አልሽ። "ሰው አይጠፋም" አልኩሽ። "ነይና ያዢልኝ" ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱንም አላልኩሽም።

አንቺ እኔና እናትሽ ሥዕልና ካርታ ጣውላ ላይ በምንለጥፍበት ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግሽው። ግን ከሥር ሆነሽ ያየሽው እግራችንን ነው፤ ከላይ የሚሆነውን ልንገርሽ። እኔ የኮምፔንሳቶ ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ሙጫውን በሰፊ ብሩሽ እቀባለሁ። እናትሽ ወረቀቱን ከጀርባው በእርጥብ ስፖንጅ ታረጥበዋለች፤ ደረቅ ወረቀት ሙጫ ሲነካው ያብጥና እዚህም እዚያም ይኮፈሳል። "አኮረፈ" ትለው ነበር፣ "እንደ ልጅህ።" ከዚያ ወረቀቱን ግራና ቀኝ አንስተን ከጣውላው በላይ እንይዘዋለን። የእኔ ጫፍ መጀመሪያ ያርፋል። የእሷ ከፍ እንዳለ ይቆያል። እኔ በደረቅ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረግሁ አየሩን አስወጣለሁ፤ እሷ በእኔ ልክ ታወርዳለች።

"ያዝሽ?"

"ይዣለሁ።"

"ዝቅ።"

"..."

"ዝቅ። ልቀቂ።"

የሥዕል ሸራም ይሁን የትምህርት ቤት ካርታ ቋንቋችን ይኸው ነበር። ሰው ቢሰማን ሌላ ቃል የማናውቅ ይመስለው ነበር። አንዳንዴ ትዘገይብኛለች፤ ያኔ ወረቀቱን በትንሹ ጎተት አደርገዋለሁ።

"አትጎትተኝ፤ በቅሎህ አይደለሁም።"

"በቅሎ ብትሆኚማ እስካሁን ደርሰን ነበር።"

"በቅሎ ብሆንማ እስካሁን ረግጬህ ነበር።"

ይህን ሁሉ ስንባባል ዓይኔ ከሙጫው ላይ አይነሳም። ወረቀቱና ሙጫው የሚገናኙበት ቀጭን መስመር አለች፤ እሷን ካልጠበቅሽ አየር ይገባል። ስለዚህ እኔ ሁሌም እንዳቀረቀርኩ ነኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እናትሽን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ "ዛሬም አባዬ?" አልሽኝ። እኔ ብሩሹን እንደያዝኩ "ሙጫው ይበላሻል" አልኩሽ። "ሙጫው!" አልሽ። ደግመሽ "ሙጫው!" አልሽ። ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ። ልክ ነሽ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር።

ያን ሙጫ ያፈላችው ግን እናትሽ ነበረች። በሞተችበት ቀን ጠዋት፣ ልቧን ሳያማት በፊት፣ ዱቄቱን በጥብጣ፣ እንዳይጓጉል ቆማ ስታማስል አይቻታለሁ። በጨርቅ አጥልላ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ መስኮቱ ሥር ቅዝቃዜው ላይ አኖረችው። ከቀብር ስንመለስ ድስቱ እዚያው ነበር፤ ማንኪያዋም ከጎኑ። የዱቄት ሙጫ ጥቂት ቀን ነው ዕድሜው፤ ከዚያ ይሸታል፣ ይደፋል። መድፋቱ አልሆነልኝም። ማስቀመጥም አይቻልም። የቀረኝ መጠቀም ነበር። ስለዚህ አንድ ትልቅ ባዶ ጣውላ አነሳሁ፤ ነጭ ወረቀት ብቻዬን በምችለው ልክ እየቆረጥኩ ጀርባው ላይ ለጠፍኩ። ድስቱን በጣቴ ጠርጌ ጨረስኩት። ይህን ላስረዳሽ አፌን ስከፍት የወጣው "ሙጫው ይበላሻል" ብቻ ሆነ። ሰው በሆዱ የያዘውን አፉ እንዲህ አድርጎ ያወጣዋል።

ያን ጣውላ አልሸጥኩትም። ጣውላ በአንድ ወገኑ ብቻ ከተለጠፈበት፣ ወረቀቱ ሲደርቅ ይሰበሰብና ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ሁልጊዜ ፊቱንም ጀርባውንም የምንለጥፈው ለዚህ ነው። የዚያኛው ፊቱ ባዶ ስለቀረ ቀስ በቀስ እየጎበጠ ግድግዳ ተደግፎ ከረመ። ጎረቤታችን አናጺው ባየው ቁጥር ይነዘንዘኝ ነበር።

"ይህን ለምን አትጥለውም? ጎብጧል እኮ።"

"ይቀመጥ።"

"ለነገሩ አንተም ጎብጠሃል፤ ማን ጣለህ?"

ሥዕልሽ ሲደርሰኝ የሚሆነው ጣውላ የትኛው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ልኩ እንኳን አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጠርዙን ትንሽ አስቆረጥኩት። አናጺው እየቆረጠ "ስትለጥፍ ልያዝልህ?" አለኝ።

"አያስፈልግም።"

"ታዲያ ያኛውን ጫፍ በምን ልትይዘው ነው? በጥርስህ?"

"ዘዴ አለኝ።"

ዘዴዬ ሁለት ወንበር ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ አቆምኳቸው፤ በመደገፊያቸው ላይ የመጥረጊያ እንጨት አጋደምኩ፤ የወረቀቱን ጫፍ እንጨቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘዴ ስላለኝ አይደለም። እናትሽ ትቆምበት የነበረ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ እንዳላይ ፈርቼ ነው። እሷን ለመለጠፍ ደግሞ ሌላ ሰው!

ጠዋት ነበር፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው። "ጌታዬ ሆይ፣ እጄን አቅናልኝ" ብዬ ጀመርኩ። ሙጫውን ያፈላሁት ራሴ ነኝ፤ እንደ እሷ ባይሆንም ምንም አይልም። ወረቀቱን አረጠብኩ፤ በእርሳስ ስለሣልሽው ቀለም የሚለቅ ነገር የለውም። ጫፌን አሳረፍኩ። ጨርቁን ይዤ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር። ጥሩ እየሄደ ነው። እጄ ሥራውን አልረሳም አልኩ በሆዴ። ግማሹ ላይ ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ያኛው ጫፍ መውረድ አለበት።

"ዝቅ" አልኩ።

አልወረደም።

"ዝቅ አድርጊው።"

አሁንም የለም። ዓይኔ መስመሯ ላይ ነው። ሙጫው እየጠነከረ ነው፤ ንዴቴ መጣ።

"ምን ሆነሽ ነው ዛሬ? ዝቅ አድርጊው እንጂ!" ብዬ ጮህኩና እንደ ልማዴ ጎተት አደረግኩት።

እንጨቱ ተንሸራቶ ሲወድቅ ሰማሁ። ቀና ያልኩት ያኔ ነው። ሁለት ወንበር።

ልጄ፣ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ፣ ስትቀበር አፈሩን አይቻለሁ፣ አልጋው በአንድ ጎኑ ብቻ ሲሞቅ ከርሟል። እናትሽ መሞቷን ግን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ወረቀቱ ከነመቆንጠጫው ሙጫው ላይ ተኝቷል፤ አንድ ቦታ ላይ በራሱ ታጥፏል። እኔ ቆሜ አየዋለሁ። አናጺው ጩኸቴን ሰምቶ ገባ።

"ማንን ነው የምትቆጣው?"

ወንበሮቹን አየ። ወረቀቱን አየ። እኔን አየኝ። ያ ሁሉ ቀልድ የት እንደገባ እንጃ፣ እጁ ላይ ያለውን የእንጨት ብናኝ ሱሪው ላይ ጠረገና "የቱ ጋ ልያዝ?" አለ።

"ሁለቱን ማዕዘኖች። በጣትህ ጫፍ። ቀስ።"

"እኔ የለመድኩት ሚስማር ነው፤ ይኼ ነገር ይቀደዳል።"

"አትጎትተው። ወደ ላይ ብቻ። አትተንፍስበት።"

"ኧረ መተንፈስ ከተውኩ ቆየሁ፤ ልሞትልህ ነው።"

ወረቀቱ እርጥብ ስለነበር ለቀቀልን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እንደገና አነሳነው። እኔ እንደገና አቀረቀርኩ። "ዝቅ" ስለው ዝቅ አለ። "ልቀቅ" ስለው ለቀቀ። የታጠፈችው ቦታ ግን ወረቀቱ ተሰብሮባታል፤ ቀጭን መስመር ቀረች። በሥዕሉ ላይ ከያዘችው ሸራ ጫፍ ተነስታ በክንዷ በኩል ወደ ወገቧ ትወርዳለች። በጥፍሬም በአጥንት ማለስለሻዬም ሞከርኩ፤ አልጠፋችም።

"ፊቷ ተርፏል" አለ አናጺው። "መስመሯም ቢሆን የያዘችው ሸራ የተጨማደደ ነው የምታስመስለው።"

"እሷ በያዘችው ሸራ ላይ መጨማደድ? ስም ማጥፋት ነው" አልኩት።

ሊስቅ ነበር። እኔም ልስቅ ነበር። የወጣኝ ግን ሌላ ሆነ። ቀብር ላይ ያላየሽውን፣ አላለቀሰም ብለሽ የተቀየምሽኝን ልቅሶ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩት። አናጺው ወጣ፤ ወዲያው መጋዙን አስነሳው። በዚያ ጠዋት የሚቆረጥ እንጨት እንዳልነበረው አውቃለሁ። ድምፄ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ነው።

ሲወጣልኝ ፊቴን ታጠብኩና ሥዕሉን አየሁት። ስትልኪልኝ አይቼው ነበር፤ ግን ያየሁት እንደ ሥራ ነው፦ የቱ ጋ ተቀድዷል፣ ምን ያህል ይሰፋል ብዬ። አሁን እሷን አየኋት። ከጠረጴዛው ጫፍ ቆማ፣ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ ሸራ ይዛለች። ሸራው ከወረቀትሽ ወጥቶ ይሄዳል፤ በዚያኛው ጫፍ ያለውን ሰው አልሣልሽውም። የምታየው ግን እሱን ነው። ክንዷ ዝሏል። ከንፈሯን ነክሳለች። ልትስቅ ትንሽ ነው የቀራት። "አሁን ዝቅ ይለኛል" ብላ እየጠበቀች ነው።

ይህን ፊት አላውቀውም፣ ልጄ። የጓዳውን ፊቷን አውቃለሁ፣ የጸሎቱን አውቃለሁ፣ የቁጣውንማ ተይው። ይህንን ግን አላውቀውም። ያን ሁሉ ዘመን ከጠረጴዛው ማዶ እንዲህ ስታየኝ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ሙጫ ሳይ። እግራችንን ብቻ ያየሽ ይመስለኝ ነበር፤ አንቺ ባትሥዪው ኖሮ ሳላየው እሞት ነበር። በጸሎቴ ላይ ስቆም "ለምን ወሰድካት?" ማለት አበዛ ነበር። አሁን ጥያቄዬን አሳጥሬያለሁ፤ "ስትሰጠኝ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ማረኝ" እላለሁ፤ ሌላ አልጨምርም።

አንድ የምሥራች አለኝ። ፊቱ ሲደርቅ ጣውላው ቀና አለ። በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ እያለ። ትናንት ረጅሙን ማስመሪያ አጋድሜ አየሁት፤ በሥሩ ብርሃን አያሳልፍም። ጀርባውን የያዘው እናትሽ ያፈላችው ሙጫ ነው፣ ፊቱን የያዘው የእኔ። እኩል እየተጎተቱ ነው።

አናጺው ሣጥን ሠርቶለታል፤ "ላክ" ካልሽኝ እልከዋለሁ። መስመሯን ዓይንሽ መቻል ካቃተው ግን ተስፋ አትቁረጪ። የዱቄት ሙጫ ነው፤ በውኃ ይለቃል፤ ነቅሎ እንደ አዲስ መለጠፍ ይቻላል። ብቻ ለመንቀልም ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ቦታ እንቀያየር። አንቺ በእኔ በኩል ቁሚ፤ ጨርቁንም አንቺ ያዢ። ያኛውን ጫፍ እኔ እይዘዋለሁ። እንደፈለግሽ አዘግዪኝ፣ ብትፈልጊ ጎትቺኝ። "ዝቅ" እስክትዪኝ ድረስ ቀና ብዬ አንቺን እያየሁ እጠብቃለሁ።

በሩን አልቆልፈውም።

አባትሽ