የተጸለየላት መኪናህ

ኢዮስያስ፣

መኪናህ ተሠርታለች። አዲሱ ቁልፍ የሩዝ ጣሳው ውስጥ ነው። በሩን በድሮው ቁልፍ ክፈት፣ ሞተሩን በአዲሱ አስነሳ፤ የቀየርኩት ማስነሻውን ብቻ ነው።

ዛሬ ሀኒን የሚጠይቁልህን ሽማግሌዎች በሰዓቱ ቡሌ አድርስ። አባቷ አርፍደው የመጡ ሽማግሌዎችን በውሻ እስከ ጨለለቅቱ አባረዋል ይባላል።
ይህን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ማስነሻውን የቡሌ ብርድ አሳመመው ያልኩህንም እርሳው። አንተ በሌለህበት፣ መኪናህን በዚያ በጠፋብህ ማንኪያ እጀታ እያስነሳሁ ወደ ኢዲዶ ስመላለስ ያበላሸሁት እኔው ነኝ።

የጸሎት ጓደኞችህ መኪናዋ ላይ እጅ ጭነው ሲጸልዩ እውነቱን ልናገር ነበር። ግን ጸሎቱ በጣም ስላማረ ማቋረጥ አልፈለግኩም።

እሁድ "ተፈወሰች" ብለህ ልትመሰክር ስትነሳ፣ ከኋላ ሆኜ አሜን እላለሁ።
ብቻ ዞረህ ዓይኔን እንዳታይ።

ሚሊዮን