ነጠላ ተከናንቦ ጡጦ ስለያዘው ልጅሽ

ለውድ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ቀይዋ ላም ወለደች ወይ? ስልኩ እናንተ ቀበሌ አልሠራ ስላለ ይህን ደብዳቤ በሹፌሩ በመሸሻ እጅ ልኬልሻለሁ። እኛ እዚህ ነቀምቴ ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ ሲና አራት ወር ሞላት፤ ጉንጯ ከአባቷ ጉንጭ በልጧል። የጠፋብሽን ነጠላ ጉዳይ ደግሞ ጠይቀሽኛል፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ክሱ ልግባ። መሸሻ እናንተ ዘንድ አያና ደርሶ፣ ልጅሽን ነጠላ ተከናንቦ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጡጦ ሲያጠባ አየሁት ብሎሻል። አንቺም፣ እኔ የወለድኩት ወንድ ነበር፣ ተመለስና በደንብ አይተህ ና ብለሽ ልከሽዋል። ደግሞ አይቶኛል። መሸሻ በዕድሜው አንዴ እውነት ሊናገር ቢነሳ እኔን መረጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የሶረቲ የወሊድ ፈቃድ ማለቂያው ደረሰ። ዲጋ ያለው ትምህርት ቤቷ ሰኞ ክፍል ካልገባች ቦታዋን ለሌላ አስተማሪ እንደሚሰጥ አስታወቃት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሱቄም ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ የቤቱ ጉባኤ፣ ማለትም ሶረቲ ብቻዋን፣ ሞግዚትነቱን ለእኔ ወሰነ። ጠዋት ወተቷን አልባ ትታልኝ ትሄዳለች፤ እኔ በሙቅ ውኃ አሙቄ፣ የእጄ አንጓ ላይ ጠብ አድርጌ ሙቀቱን አይቼ አጠባለሁ። ሁላችንም ተስማማን፤ ሰኞ ሳይደርስም ልምምዱን ጀመርን። ሲና ብቻ አልተጠየቀችም ነበር።

የጡጦውን ጫፍ በምላሷ ገፍታ፣ እኔን እንደ ሌባ አይታ፣ ሰፈሩን ትጠራብኛለች። መካሪ አላጣሁም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ የሕፃናት ሐኪም ሆነ። አንዱ ወተቱ ቀዝቅዟል ሲል ሌላው ሞቋል ይላል። ናዝራዊት የምትባል ደንበኛዬ፣ ጺምህን ፈርታ ነው አለችኝና ተላጨሁ። ሲና ፍርዷን አልቀየረችም፤ እኔ ግን በከንቱ በረደኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አሰፋች ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ የሕፃን ወተት እንደ ጠላ በአደባባይ ይጠጣል ወይ፣ የመንገደኛው ሁሉ ዓይን አርፎበት በምን ጉሮሮ ይውረድላት፣ እናቶች እንደሚያደርጉት ተከናነብና ሸፍነህ አጥባ አሉኝ። እኔ በዓይን አላምንም አልኳቸው። አንተን ማን ጠየቀህ፣ የምትጠባው እሷ ናት አሉኝ።

የሶረቲን ነጠላ ተከናነብኩ። ይሄ የባሰ ሆነ። የእናቷን ጠረን አግኝታ በደስታ ደረቴን ፈተሸች፣ የሸሚዜን ቁልፍ አገኘች፣ መታለሏንም አወቀች። የዚያ ቀን ጩኸት ዲጋ ሳይሰማ አልቀረም። ሶረቲ እየሳቀች፣ እንግዲህ ሥራውን ለቅቄያለሁ ልበላቸው አለችኝ። ስቃ ስትጨርስ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ያንን ሥራ ለማግኘት የደከመችውን እኔ አውቃለሁ።

ዓርብ ጨነቀኝና ከሳጥኑ ግርጌ አንድ አሮጌ ነጠላ አወጣሁ። ሶረቲ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ይታጠብ ስትል፣ እኔ ዛሬ ደመና ነው፣ ነገ ሳሙና አልቋል እያልኩ አሳጥቤው አላውቅም። ተከናነብኩትና ሲናንም ጡጦውንም ከውስጥ አስገባሁ። ዝም አለች። ጥለቱ ጥግ ላይ የተቀደደ ቦታ አለ፤ ነጭ ክር ታጥቶ ነው መሰለኝ በቀይ ተሰፍቷል፣ ለሙያችን የሚያሳፍር ስፌት ነው። ያንን ቀይ ክር በጣቷ ጠምጥማ ይዛ፣ ዓይኗን ከድና ጡጦውን ባዶ አስቀረችው። እትዬ አሰፋች፣ ዓይን ነው አላልኩህም እያሉ ሰፈሩን ዞሩት። እኔ ሌላ ምክንያት አለኝ፤ ግን ድላቸውን አልቀማኋቸውም።

ሰኞ ሶረቲ ዲጋ ሄደች፤ እስከ ዛሬም በሰዓቷ ክፍል እየገባች ነው። እኔም ተከናንቤ እውላለሁ። በቀደም አንድ ደንበኛ ከመንገድ ማዶ፣ ሃዳ ሲና፣ ሠርፀ የለም ወይ ብሎ ተጣራ፤ እኔ ራሴ ሠርፀ የሲና እናት መስዬው ነው። ድምፄን አቅጥኜ፣ ለሐሙስ ና ብሎሃል አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ሱሪው ገና አልተቆረጠም ነበር።

የነጠላሽ ጉዳይ። እኔ ከአያና የወጣሁ ዕለት ከገመድ ላይ የጠፋው፣ የበር ሚስማር ቀዶት ያለ መነጽር በቀይ ክር የሰፋሽው መሆኑን አስታውሳለሁ። ምርመራው እንደቀጠለ ነው፤ እስካሁን ተጠርጣሪ አልተያዘም። ካላመንሽኝ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቷል፣ ከመሸሻ ጋር ነይና ሳጥኑን ራስሽ ፈትሺ። ሲና እንግዳ ሲያቅፋት ታለቅሳለች፤ ባንቺ ግን የምታለቅስ አይመስለኝም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ በረትሽን ይሙላልሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ወንድ ነበር ብለሽ የወለድሽው ልጅሽ