ደህና ነው የተባለው የሲምቦ ልብ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለውቢት፣

አዳማ በሙሉ ሰላም ይዋል፤ ከሰላምታው ሁሉ ግን ያንቺ ይቅደም። እንዴት ነሽ ውቤ? ባለቤትሽ ደስታው ወገቡን ተሻለው? ዮሳዲቅ ጥርስ ማውጣቱን ጨረሰ ወይስ አሁንም በለቅሶ ያስነሣችኋል? እማዬስ? የእማዬን ነገር ወደ ታች አጥብቄ እጠይቅሻለሁና ካሁኑ ተዘጋጂ። «እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋን የዘወትር መስመሬን ዛሬ ዘልያታለሁ። ረስቻት አይደለም፤ ስታነቢ ይገባሻል።

መጀመሪያ ጉዴን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ሐኪሞችና የውጭ እንግዶች በሞሉበት አዳራሽ ውስጥ፣ ብቻዬን እልል አልኩልሽ! ሰው ሁሉ በወጉ ያጨበጭባል፤ እኔ ሠርግ ቤት ያለሁ ይመስል ለቀቅኩት። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ፈረንጅ እሳት የተነሣ መስሎት በሩን ፈለገ። ጎኔ ያለችው ሶማሌ ሴትዮ በሻሿ አፏን ሸፍና እስክትንዘፈዘፍ ሳቀች። በአፍረት ወንበሩ ሥር መግባት አማረኝ። ግን እልልታው ለምን እንደነበር ስነግርሽ መሳቅሽን እጠራጠራለሁ።

ሲምቦ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ የአሰላ ልጅ ናት። እዚህ ጂቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ከምሠራበት ቤት ፊት ለፊት፣ ወይዘሮ ናዒማ ጋ ትሠራለች። ናዒማ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ ማዕከላዊ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ አማርኛዋ ከኔና ካንቺ የሚጣፍጥ ሴት ናት። ሲምቦ በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየደጋገመ ያማት ነበር፤ ያ በሽታ ወርዶ የልቧን በር አበላሸው አሉ። በሩ ገጥሞ ስለማይዘጋ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሙቀቱ ወራት ልብስ ስታሰጣ ወደቀችና ሆስፒታል ገባች። በሰውነቷ የተጠራቀመውን ውሃ አስወጡላት፣ ኪኒን ሰጧት፣ ተሽሏታል ብለው አሰናበቷት። ውሸት አልነበረም፤ ለጊዜው እንደ ሰው ተኝታ አደረች። ከዚያ ናዒማ «እንግዲህ ዕረፍቱ ይብቃ» ብላ የቤቱን ምንጣፍ ሁሉ አወጣችላት።

አሁን ሲምቦ እንዴት እንደምትተኛ ታውቂያለሽ? አትተኛም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ የሩዝ ከረጢት ከጀርባዋ ደግፋ፣ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ጋደም ካለች ውሃ ውስጥ የሰጠመች ያህል ያፍናታል። እግሯ አብጦ ካልሲው ያረፈበት ቦታ ይሰረጉዳል። ግን እንዴት ነሽ ብለሽ ጠይቂያት፤ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሷ። እኛስ ቤት ቢሆን ለሰላምታ ማን «ደህና አይደለሁም» ብሎ መልሶ ያውቃል? አባባ እስከ መጨረሻው ጠያቂ በገባ ቁጥር «ዛሬስ ቀለል ብሎኛል» እያለ አይደል ያለፈው?

የሆስፒታሉ የልብ ክፍል ሥራውን የሚለካበት መንገድ አለው። ታማሚው ከወጣ ወር ሲሞላው ይደውላሉ። በሕይወት አለ ወይ፣ ተመልሶ ታሟል ወይ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ፣ በጀርባው ይተኛል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ደምረው ስንቱ እንደዳነ ያውቃሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። የምትደውለው ሩዋይዳ የምትባል ነርስ ናት፤ አማርኛ ከጎረቤት የለቀመች፣ ጨዋ ልጅ። የደወለችው ግን ሲምቦ ጋ አይደለም። ዋስ ሆና የፈረመችው ናዒማ ስለሆነች በናዒማ ስልክ ነው። ናዒማም ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ፍራሹ ላይ አስቀመጠችውና ጫቷን እየቀነጠሰች ሲምቦን ዓይን ዓይኗን ታያት ጀመር። ጤናሽ እንዴት ነው? ተመስገን። ደረጃ መውጣትስ? ተመስገን። እንቅልፍስ? ተመስገን። ሩዋይዳ አመስግና ዘጋች። ናዒማም «አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ፣ አላሳፈርሽኝም» ብላ ወደ ምጣዱ መለሰቻት።

ሲምቦ እንዲህ ሆና ዳነች። ማክሰኞ ዕለት የልብ ክፍሉ በውጤቱ ስለተመሰገነ ድግስ ነበር፤ ኬክ፣ ለስላሳ፣ አበባ። የዳኑት ታማሚዎች ተጠሩ። ሲምቦን ደግፌ የወሰድኳት እኔ ነኝ። የክፍሉ አለቃ ዶክተር ዘይድ ረጅም፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጠራ ሰው ነው። በፈረንሳይኛ ብዙ ቁጥር አነበበ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ ለእንግዶቹ በዓይናችሁ እዩ ብሎ ሲምቦን ወደ መድረኩ ጠራት፤ ደረጃውንም ብቻዋን እንድትወጣ አደረገ። ወጣች። ናዒማ ያዋሰቻትን የሐር ቀሚስ እየሰበሰበች፣ በየእርከኑ ፈገግ እያለች ወጣች። ዶክተሩ ማይክሮፎኑን አፏ ሥር ደቀነላት።

ውቤ፣ ያንን ድምፅ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። አዳራሹን የሞላው ትንፋሿ ነበር። ቃል የለውም፤ ሲገባ ያፏጫል፣ ሲወጣ ይቆራረጣል። ሕዝቡ በደስታ እያለቀሰች መሰለው። ከፊት ያለች አንዲት ነጭ ሴት ዕንባዋን ጠረገች። ዶክተሩም ራሱ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ፣ ስሜት ነው» አላት። እሷም እንደ ምንም ትንፋሽ ሰብስባ «ተመስገን» አለች። ይኼን ጊዜ ነው ጭብጨባው የፈነዳው። እኔም ከኋላ ሆኜ፣ ጓደኛዬ በትልቅ ሰው ፊት ተከበረች ብዬ፣ እልል አልኩ። እልልታዬ የዋለው ለዚህ ነበር። ወርዳ አጠገቤ ስትቀመጥ ከንፈሯ እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቁሮ አየሁት።

ሩዋይዳን ኮሪደር ላይ ያዝኳትና አላየሽም ወይ ብዬ ጮህኩባት። «አየሁ እንጂ፣ ዓይን አለኝ እኮ። የምጽፈው ግን ያየሁትን ሳይሆን የነገረችኝን ነው። በአፏ ድኛለሁ ያለችውን ታማለች ብል ዶክተር ዘይድ ‘ውጤቴን አበላሸሽ’ ይለኛል። እናንተ ሐበሾች ደግሞ አትታመሙም፤ ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ ከዚያ ሞተች ነው» አለችና ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። የልብ በር የሚጠግኑ ሐኪሞች ከውጭ ሊመጡ ነው አለችኝ። የሚያዩት አልተሻለኝም ያሉትን ብቻ ነው። ሲምቦ ድናለችና አያይዋትም። በኔ ስልክ ደውይላት ብዬ ብለምናት ከዋሷ ስልክ ውጭ አይፈቀድም አለች። ቃል የገባችልኝ አንድ ነገር ነው፤ መስመሩ ተቆራርጦብኝ ነበር ብላ እሑድ አንዴ ትደውላለች። ያኔ ሲምቦ በገዛ አፏ ደህና አይደለሁም ካለች ስሟ ይገባል። ከእሑድ ወዲያ የለም።

ረቡዕ ዕለት ሰገነቱ ላይ፣ የታጠበው ልብስ መሐል ቆመን አለማመድኳት። ሲምቦ፣ እንዴት ነሽ? «ተመ...» ትላለች። በቁጣ እጀምራለሁ፣ በልመና እጀምራለሁ፤ ምላሷ እዚያው ይመለሳል። እግዜርን ማማረር ይመስለኛል ትላለች። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና «ደህና አይደለሁም፣ ተመስገን» አለች! ተቃቅፈን ሳቅን። እኔ ሳቄን ጨረስኩ፤ እሷ ግን ሳቁ ሳል ሆኖባት ገመዱን ይዛ ተንበረከከች።

ስንወርድ ናዒማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም። በዚያ በማር በተለወሰ አማርኛዋ «የኔ እህት፣ የታመመች ልጅ እናቷ ቤት ነው የሚያምርባት። የናጋድ ባቡር ጣቢያ ቅርብ ነው፤ የባቡር ትኬቱን ራሴ እቆርጥላታለሁ» አለችኝ። እኔን ደግሞ ለማዳሜ ልትነግርብኝ እንደምትችል በዓይኗ ነገረችኝ። አዲስ ሠራተኛም አስመጥታለች፤ በጭነት መኪና እስከ ከተማው መግቢያ፣ እስከ ፔካ 12 መጥታ ገና አቧራዋን ያላራገፈች ልጅ። የቤቱን ሥራ የምታለማምዳት ማን ትመስልሻለች? ሲምቦ ናት። ልጅቷ ሥራው ይከብዳል ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ ግድግዳውን ተደግፋ «ተመስገን፣ ቀላል ነው» አለቻት። በጆሮዬ ሰማሁ።

እንግዲህ ወደ እማዬ። ባለፈው ስትጽፊልኝ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ለቴሌቪዥን ፍቅር ያዛት ብለሽ አሳቅሽኝ። አሁን አያስቀኝም። እንዴት ነሽ ብለሽ እንዳትጠይቂያት፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ቴሌቪዥኑን አጥፊና በጀርባዋ አስተኝተሽ እይ። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊ፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ውሰጃት። እዚያም የምትናገሪው አንቺ ሁኚ፤ እሷን ካስቀደምሽ ሐኪሙን አመስግና ትመለሳለች። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሲያጭስ እንዴት እንዳደረጋት ጻፊልኝ። ስልክ ያልደወልኩት ለዚህ ነው፤ በስልክ እኔና አንቺ ደህና ከመባባል ሌላ አናውቅም። እዚህ አብሮን የሚሠራው ባንቴ ነገ በባቡር ወደ አዳማ ይሄዳልና ደብዳቤውን በእጅሽ ይሰጥሻል።

ደስታውን ወገብህን ጠብቅ፣ ከባድ አታንሣ በይልኝ። ዮሳዲቅን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ስትስሚልኝ እግረ መንገድሽን እግሯን እይ።

እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ካውያ ልመልስ ብዬ ናዒማ ቤት እገባለሁ፣ ስልኩ እስኪጮኽም አልወጣም። ሲምቦ ያለችውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። «ሲምቦ ደህና ናት» ብዬ ብቻ ከጻፍኩልሽ ግን እንዳታምኚኝ፤ ተጋድማ ነው ወይስ ቁጭ ብላ የምታድረው ብለሽ መልሰሽ ጠይቂኝ።

እህትሽ ትርሲት
ጂቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት
ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.