የሙመድ ድርሻ ስኳር

ይድረስ ለልጄ ለሰርካዲስ፤ በሰው አገር ደግ ሰው ያገናኝሽ፣ ብርዱን ያቅልልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱና ወገቤ ናቸው ያስቸገሩኝ።

የጎረቤታችን የፋዱማ ልጅ ሙመድ ለውትድርና ተወሰደ። ከአፈሳው ሸሽቶ እናቱ ቤት ተደብቆ ነበር። ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን፣ ባለሱቁ ለፋዱማ የሦስት ሰው ስኳር ሲመዝን፣ የክርስትና እናትሽ ጥሩወርቅ አዘነችላትና፣

«ኧረ አራት ናቸው! ሙመድ መጥቶ የለም እንዴ?» አለች።

የአብዮት ጥበቃው ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። በማግስቱ መጥተው ወሰዱት።

አሁን ሰፈሩ ጥሩወርቅን «ጆሮ ጠቢ» ይላታል። እኔማ ፋዱማን «ክፉ አላሰበችም፣ ስኳሩ እንዳይቀርብሽ ብላ ነው» ብዬ ለመንኳት።

«አውቃለሁ አቦ!» አለችኝ። «ክፉ አስባ ቢሆን እሷን እረግም ነበር። አሁን ማንን ልርገም?»

በሁለቱ ቤት መሀል መመላለሱ ደከመኝ፣ ልጄ። ጥሩወርቅ እህል አልቀምስ ብላ በሯን ዘግታለች።

ፈጣሪ ከክፉ ሰውም፣ ከደግ ሰው ስሕተትም ይሰውርሽ። አደራ፣ የኔ ይቆይና ለክርስትና እናትሽ ጻፊላት። ጥፋት የለብሽም አትበያት፣ አታምንሽም። ልጅሽ ነኝ በያት።

እናትሽ በለጠች
ድሬዳዋ