በእኔ ጣት የተለካው ቀለበት

ባሕር ዳር፣ የካቲት 1976 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የጡት እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህች ወረቀት ከእጅሽ ከመግባቷ በፊት የአላህ ሰላም ቀድሟት ከቤትሽ ይግባ። ጤናሽ እንዴት ነው? እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም የጠየቅሁሽ፤ ዛሬስ መልሱን እየፈራሁ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ። አባታችን እንዴት ናቸው፣ ሳላቸው ተሻላቸው? አማትሽ እትዬ ከሪማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ትንኝ በቀር ምንም አልሆንሁም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ገና ፖስታውን ሳይ የማን እጅ እንደጻፈው አወቅሁ። ባልሽ «ለ»ን ሲጽፍ አንዱን እግር ከሌላው ያስረዝመዋል፤ ፊደል ሲያስተምረንም ሰሌዳው ላይ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። አንቺ እየነገርሽው እሱ እንደጻፈልሽ፣ ይህንንም እሱ እያነበበ አንቺ እንደምትሰሚው አውቃለሁ። መስዑድ፣ እንዴት ከርመሃል? ሰላምታዬን አድርሻለሁ፤ እንግዲህ ዝም ብለህ አንብብላት።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቀናሁ። ልደብቅሽ አልችልም። ቤታችሁ ሁለት ክፍል መሆኑን፣ መስዑድ ከሐይቅ ሲመለስ ትልቅ ትልቁን ቀረሶ ዓሣ ላንቺ እየለየ እንደሚያስቀምጥልሽ፣ ስምንተኛ ወርሽ ነው ብሎ ውሃ መቅዳት እንደከለከለሽ፣ አንዱንም ሳታስቀሪ አስጽፈሽልኛል። ደግሞ ወፍሬ ወፍሬ ቀለበቴ አልወጣ ብሎኝ በሳሙና ነው ያወለቁልኝ አልሽ። እግርሽ ጫማ አልገባ ብሎታል። ጧት ስትነሺ ዓይንሽ ሳይቀር ስለሚያብጥ መስዑድ ድሎት ነው እያለ ይስቅብሻል። ራስሽን እያመመሽ መሆኑንም መጨረሻው ላይ ጣል አድርገሽዋል፤ ፀሐይ ነው ብለሽ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ያየሁት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ቀለበት የምትለዋን።

መሠረተ ትምህርት የተጀመረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? መስዑድ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ነው ተብሎ አስተምር ሲባል፣ ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ተሰብስበን እንማር ነበር። አንቺ «ሀ ሁ»ን እንደምንም አልፈሽ «ለ ሉ» ላይ ስትደርሺ እንቅልፍሽ መጣ። እኔ ግን መሬት ላይ በእንጨት እየጫርሁ፣ ምድጃ ላይ በከሰል እየጻፍሁ፣ ከሁሉ ቀድሜ ማንበብ ጀመርሁ። ጎበዝ ይለኝ ነበር። እኔ ጎበዝ ስባል አንቺ ከዋርካው ማዶ ሆነሽ ትስቂ ነበር፤ እሱም የሚያየው ወደ ሳቁ ነበር። ፊደሉን እኔ ጨረስሁ፤ አስተማሪውን አንቺ ወሰድሽ።

ስለ ቀለበቱ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነገርሁሽ ነገር አለ፤ እሱም ነግሮሽ እንደሆነ እንጃ። ከመጋባታችሁ በፊት ወደ ባሕር ዳር ሊሻገር ሲል ታንኳው ከሚታሰርበት ጠራኝና ጣትሽን አውሺኝ አለኝ። ከመረቡ ክር በጥሶ በቀለበት ጣቴ ዙሪያ ለካ። ልኩ ላይ ቋጥሮ ክሩን ከኪሱ ከተተው። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ምን ያስጠይቀኛል? ልቤ ቅቤ ጠጣ። እሱ እስኪመለስ ድረስ ያንን ጣቴን እንደ ሰው ዕቃ እየተጠነቀቅሁለት ከረምሁ። ሲመለስ የብር ቀለበት አውጥቶ አጠለቀልኝ፤ ልክ ገባ። ያን ጊዜ እንግዲያው ለእሷም ልክ ነው፣ የሁለታችሁ ጣት አንድ ነው አለኝ። አውልቄ ሰጠሁት። በሰርግሽ ከሁሉ አብልጬ የጨፈርሁትና ድምፄ እስኪዘጋ የዘፈንሁት ለምን እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ።

አንቺም ብትሆኚ ከቅናት አልዳንሽም። ገበሬ ማኅበሩ ለጤና ወኪልነት ባሕር ዳር ሄዳ የምትሠለጥን፣ ማንበብና መጻፍ የምትችል ሴት ሲፈልግ እኔን መረጠ። ስሰናበትሽ ታድለሽ ብለሽ አለቀስሽ፤ ለእኔ ያለቀስሽ አልመሰለኝም። አንቺ የእኔን መንገድ ስትመኚ፣ እኔ ያንቺን ጎጆ ስመኝ፣ አላህ ሁለታችንን እያየ ምን ይለን ይሆን።

ትምህርቱ ደስ ይላል። ጧት ተሰልፈን መፈክር ካሰማን በኋላ ሲስተር ፀሐይወርቅ ያስተምሩናል። የወባ ክኒን ለማን ስንት እንደሚሰጥ፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በጨውና በስኳር ውሃ እንዴት እንደሚተርፍ፣ እትብት በምን እንደሚቆረጥ ተምረናል። ከጨርቅ የተሠራ ሕፃን አዋልደናል፤ የእኔ በጭንቅላቱ ወድቆ ሁሉም ሳቀብኝ። ሰባታሚት መንደር ሄደን ቤት ለቤት እየዞርን ሽንት ቤት ቆፍሩ ስንል ባልቴቶቹ እናንተ ባል ፈልጉ ይሉናል። አጠገቤ የምትተኛው ከመሸንቲ የመጣች ልጅ ናት፣ የብርጓል ትባላለች፤ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ለእሷ አነበብሁላት። ተመልከቺ፣ ቀለበት እስኪጠባት በድሎት ወፈረች እያልሁ አማሁሽ። ሰምታኝ ስታበቃ እህትሽ ብትወፍር አንቺን ምን አከሳሽ አለችኝ።

በማግስቱ ሲስተር ስለ ነፍሰ ጡር አስተማሩን። ነፍሰ ጡር እግሯ ማበጡ ብዙ ጊዜ ከድካም ነው አሉ። ቀጥለው ያሉትን ግን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። «ፊቷና እጇ አብጦ ቀለበት ከጠበባት፣ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ ካለባት ውፍረት ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። የደሟ ግፊት ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሳይደረስላት ከቀረ ይጥላታል፣ ያንቀጠቅጣታል፤ እናትም ልጅም ይሄዳሉ።»

እህቴ፣ አንቺን ከማሰቤ በፊት እናታችን ድቅን አለችብኝ። የእኔ እናት ወተቷ ደርቆባት ያንቺ እናት ሁለታችንን ግራና ቀኝ ይዛ ያሳደገችን፣ ያቺ እናታችን። አልቦዋን ያወለቁላት ቀን ትዝ ይልሻል? እግሯ አብጦ አልቦው ከሥጋዋ ገብቶ ነበር። ሴቶቹ ወንድ ነው፣ ወንድ እናቱን ያወፍራል እያሉ እልል አሉላት። ደጁ ላይ ቆመን እኛም አብረን እልል ብለናል። ከዚያ ራሴን አለች፤ ቀጥሎ ወደቀችና ተንቀጠቀጠች። ጅን ነው አሉ። ሼኹ ተጠርተው ቁርአን ቀሩባት፤ እሳቸው ምን ያድርጉ፣ የተነገራቸውን ነው ያመኑት። ለካ ሲስተር ያሉት ያው ነበር። ከዚህ ከሐይቁ ማዶ መድኃኒት እያለው ነው እናታችን የሄደችብን።

ከትምህርቱ በኋላ ሲስተርን ተከትዬ ሄድሁና አንዲት የማውቃት ሴት እንዲህ እንዲህ ሆናለች አልኋቸው። ምንሽ ናት ሲሉኝ አንድ ጡት ጠብተናል አልሁ። ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ፣ ዛሬውኑ ትምጣ እንጂ አሉኝ። የሥልጠናው ኃላፊ ጓድ ዳኘው ዘንድ ሄጄ ፈቃድ ለመንሁ። ማለቂያው ላይ ጥሎ የሄደ ስሙ ይሰረዛል፣ ገበሬ ማኅበሩም ሌላ ሰው ይልካል አለኝ። ወጥቼ ወደ ሲስተር ተመለስሁ። ሲስተርም ብትሄጂ ባዶ እጅሽን ነው፣ እሷን የሚያድናት እዚህ ሆስፒታል ነውና አስመጫት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው አሉኝ።

አሁን ይህን ሁሉ ቅናት ለምን እንደዘረገፍሁልሽ ልንገርሽ። አውቅሻለሁ። ዝም ብዬ ነይ ብልሽ ትጠረጥሪያለሽ። ከጎጆዬ ልታስወጣኝ ነው፣ ቀንታ ነው፣ ሁለት ቃል ተማረችና ልታስፈራራኝ አማራት ትያለሽ። እትዬ ከሪማም የመጀመሪያ ልጅ ከአገር ወጥቶ አይወለድም፣ እኛ ስንት ወልደናል ይላሉ። ስለዚህ ቀድሜ እኔው ነገርሁሽ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። አሁን ስጽፍልሽም እቀናለሁ፤ ይህን በሚያነብልሽ ድምፅ ሳይቀር እቀናለሁ። ቅናቴን እመኚው፤ ዕብጠቱንም እንዲሁ እመኚው። ክፉ ብመኝልሽ ኖሮ ዝም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ጡት የጠቡ ሴቶች በአንድ ባል ሥር እንደማይሆኑ ታውቂያለሽ። አንቺ በሕይወት እስካለሽ ድረስ ሸሪዓው መንገዱን ዘግቶታል። እስካለሽ ድረስ ነው። አገራችንም ሚስቱ ለሞተችበት ሰው፣ ሕፃኑን ታሳድግለት ብሎ እህቷን እንደሚድርለት ሁላችንም አይተናል። ይህ ሐሳብ በልቤ ሽው ሲል ራሴን ፈራሁት። ወላሂ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንድትኖሪ የምለምንሽ።

ደብዳቤውን የአገራችን ነጋዴ ሰላሁዲን እሑድ በሚነሣው መርከብ ያመጣልሻል። መርከቡ ጎርጎራ ደርሶ ሲመለስ በእናንተው በቁንዝላ ያልፋል፤ በዚያው ተሳፈሪ። እስከዚያ ሥራ አትንኪ፣ በጎንሽ ተኝተሽ እረፊ። ዓይንሽ ብልጭ ብልጭ ካለብሽ ደግሞ መርከቡንም አትጠብቂ፤ ሞተር ጀልባ ያለውን ሰው ለምኑና ኑ። ረቡዕ ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከመርከቡ ካልወረድሽ በማግስቱ እስከ ዱርቤቴ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ እመጣለሁ። ጓድ ዳኘው ስሜን ይሰርዘው። ከተመኘሁት ሁሉ በእጄ የቀረው ይህ ትምህርት ብቻ ነው፤ እሱንም ጥዬው እመጣለሁ።

መስዑድ፣ ይኸኛው ላንተ ነው። እስካሁን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ አንዳንዱንም ዘለህ ይሆናል። ከዘለልህ ተመለስና አንብብላት። እኔ አፍሬ ልቅር፣ እሷ ትዳን። ያ ክር አሁንም ካለህ ፈልገው። ቋጠሮውን ሳትነካ በጣቷ ልታጠልቀው ሞክር። አልገባም ካለህ ድሎት አይደለም። ለእናትህም እንደ ልጃቸው ሆነህ አትለምናቸው፤ የልጅህ አባት ሆነህ ንገራቸው።

እህቴ፣ አላህ ሐይቁን ጸጥ ያድርግልሽ፣ ነፋሱን ከኋላሽ ያድርግልሽ። በሰላም ያገላግልሽ፤ የምትወልጂውንም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልሽ። አባታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ስትመጪ ቀለበቱን እንዳትረሺው። እስክትወልጂ፣ ዕብጠቱም እስኪጎድል ድረስ በመሐረቤ ቋጥሬ አስቀምጥልሻለሁ። ያን ጊዜ በጣትሽ የማጠልቅልሽ እኔው ነኝ። እስከዚያ ድረስ አልለካውም።

አንድ ጡት የጠባሽው እህትሽ